ጠብታ ጋዝ ሲመጥጥ በኮምፒውተር እንዴት ይሰላል?

በርጭት ማማ ውስጥ ውኃ ከላይ ይረጫል፣ ጋዝ ከታች ይገባል። መንገድ ላይ ሲገናኙ ጠብታው ጋዙን ይመጥጣል። በፋብሪካ ጭስ ውስጥ ያለ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ብዙ ጊዜ የሚታጠበው እንዲህ ነው። ሥራውን በኮምፒውተር ለማየት ሲኤፍዲ (ፍሰትን በኮምፒውተር የማስላት ዘዴ) ይረዳናል። ሲኤፍዲ የማማውን ውስጥ በጥቃቅን ክፍሎች ሸንሽኖ ፍሰቱን በየክፍሉ ያሰላል፤ ክፍሎቹ በአንድ ላይ ሜሽ ይባላሉ። ኦፕንፎምም ሆነ ፍሉየንት የተባሉት ሶፍትዌሮች ለዚህ ይሆናሉ።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ሶፍትዌሩን ከፍቶ ዘው ይላል። ባለቀለም ሥዕልም ያገኛል። ሥዕሉ ያምራል፤ ቁጥሩ ግን ከየት እንደመጣ አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ያዙ።

በአንዲት ጠብታ ጀምሩ

1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የውኃ ጠብታ በአየር ውስጥ በሰከንድ 4 ሜትር ገደማ ትወርዳለች። ማማው 4 ሜትር ከሆነ ከጋዙ ጋር የምትቆየው አንድ ሰከንድ ብቻ ነው። ይህ ይበቃታል?

ጋዝ ረግቶ በተቀመጠ ውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በጣም በዝግታ ነው፤ በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ያንሳል። የስርጭት ቁጥሩ በሰከንድ ወደ 2 ቢሊዮንኛ ካሬ ሜትር ነው። የጠብታዋን ሬዲየስ በራሱ አባዙና ለዚህ ቁጥር አካፍሉ። ውጤቱን እንደገና ለ10 አካፍሉ። ወደ 12 ሰከንድ ይመጣል፤ ጠብታዋ እስከ ውስጧ ለመጥገብ የሚያስፈልጋት ጊዜ ይህን ያህል ነው። እንግዲህ ጠብታዋ መሬት ስትደርስ ቆዳዋ ጠግቧል፣ ሆዷ ግን ባዶ ነው።

ስፋቷን ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ብናወርደው ጊዜው በ100 እጥፍ ያጥራል። ደስ ይላል፤ ግን እንዲህ ያለች ጠብታ በሰከንድ ሩብ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትወርድ ወደ ላይ የሚወጣው ጋዝ ይዟት ይሄዳል። የማማ ንድፍ ጣጣው ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ጋዙ ውኃን ምን ያህል እንደሚወድ እዩ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃውና በአየሩ ውስጥ የሚኖረው ክምችት ተቀራራቢ ነው። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በውኃው ውስጥ 30 እጥፍ ያህል ይሆናል። አሞኒያ ከ1,000 እጥፍ ያልፋል። ይህ የሄንሪ ሕግ ነው። አሞኒያን የሚያዘገየው በጠብታው ዙሪያ ያለው የአየር ሽፋን ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚያዘገየው ግን ውኃው ራሱ ነው። ዊትማን በ1923 ያቀረበው የሁለት ሽፋን ሐሳብ ይህንኑ ያስረዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሄንሪ ቁጥር በየመጽሐፉ በተለያየ መልክ ይታተማል። አንዱ ግፊትን ለክምችት ያካፍላል፣ ሌላው ክምችትን ለግፊት። እኔ አንድ ጊዜ ገልብጬ አስገባሁትና ማማዬ ምንም አልመጥጥ አለ። ለቀናት ጥፋቱን ሜሹ ላይ ሳላክክ ከረምኩ።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ

ጋዙን እንደ ተያያዘ ፍሰት፣ ጠብታዎቹን ደግሞ እንደ ተጓዥ ነጥቦች ውሰዷቸው። ይህ መንገድ የሚሠራው ጠብታዎቹ ከቦታው 10 በመቶ በታች ሲይዙ ነው፤ በርጭት ማማ ውስጥ ከዚህ እጅግ ያንሳሉ። የጠብታውን ቅርጽ ራሱን የሚከተሉ ዘዴዎች አሉ፣ ግን ለሚሊዮን ጠብታ አይሞከሩም። ጠብታ ነጥብ ስለሆነ የሜሹ ክፍል ከጠብታው በደንብ መስፋት አለበት። ለተርቡለንስ (ለፍሰቱ መናወጥ) ኬ-ኤፕሲሎን በተባለው የተለመደ ሞዴል መጀመር ይቻላል።

ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ጠብታ አይከተልም። ብዙ ተመሳሳይ ጠብታዎችን በአንድ ፓርስል ያስራል። ለኖዝሉ (ውኃውን ለሚረጨው አፍ) የርጭቱን ማዕዘን፣ ፍጥነት፣ የውኃ መጠንና የጠብታ ስፋት ስጡት። ስፋቱን አንድ ቁጥር አታድርጉት፤ ትንንሽና ትልልቅ ጠብታዎች ያላቸውን ድርሻ የሚገልጸው የሮሲን-ራምለር ስርጭት የተለመደ ነው። ከኖዝሉ አምራች የመረጃ ወረቀት ቁጥሩን ውሰዱ። 1 ሊትር ውኃ በ1 ሚሊ ሜትር ጠብታዎች ሲበተን 6 ካሬ ሜትር ገጽ ይኖረዋል፣ በ0.1 ሚሊ ሜትር ሲበተን 60። እዚህ ላይ በግምት ከሄዳችሁ የቀረው ሁሉ ግምት ነው።

ዋናው ሥራ የመምጠጡን ሕግ መጻፍ ነው። ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ለትነት ነው፤ መምጠጡን በትንሽ ኮድ የምትጨምሩት እናንተ ናችሁ። ኮዱ በየጊዜ እርምጃው የክፍሉን የጋዝ ክምችት በሄንሪው የእጥፍ ቁጥር ያባዛል። ከዚያ በጠብታው ውስጥ ያለውን ይቀንሳል። ልዩነቱን በጠብታው ገጽና በማስተላለፊያ ቁጥሩ ሲያባዛ በሰከንድ የተመጠጠው ይወጣል።

ለአየሩ በኩል የራንዝና ማርሻል የ1952 ቀመር ይበቃል፦ የሸርዉድ ቁጥር = 2 + 0.6 × የሬይኖልድስ ቁጥር ካሬ ሥር × የሽሚት ቁጥር ኪዩብ ሥር። ሬይኖልድስ የፍሰቱን ፍጥነትና የጠብታውን ስፋት ከአየሩ ዝልግልግነት ጋር ያነጻጽራል፤ ሽሚት ዝልግልግነቱን ከጋዙ ስርጭት ጋር ያነጻጽራል፤ ሸርዉድን በአየሩ የስርጭት ቁጥር አባዝታችሁ ለጠብታው ስፋት ስታካፍሉ የአየሩ ማስተላለፊያ ቁጥር ይወጣል። ለውኃው በኩል ጠብታው ረግቷል ወይስ ውስጡ ይሽከረከራል ብላችሁ ወስኑ። ከተሽከረከረ የስርጭት ቁጥሩን በ2.25 ማባዛት የታወቀ ዘዴ ነው። የአየሩንና የውኃውን ተቃውሞ (1 ለማስተላለፊያ ቁጥሩ ሲካፈል) ስትደምሩ የአየሩን በዚያው የእጥፍ ቁጥር ማባዛት አትርሱ። ጋዙ በውኃው ውስጥ ከኬሚካል ጋር የሚዋሃድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ፣ የማፋጠኛ ቁጥር ይጨመራል።

ጠብታው የወሰደውን ያህል በትክክል ከክፍሉ ጋዝ ላይ ቀንሱ። የጊዜ እርምጃው ከረዘመ ጠብታዎቹ ክፍሉ ውስጥ ካለው በላይ ይወስዳሉ፣ ክምችቱም ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ማመን ከመጀመራችሁ በፊት

ኮዱን ባዶ ሳጥን ውስጥ በአንዲት ጠብታ ሞክሩትና ከወረቀቱ ስሌት ጋር አስተያዩት። ከዚያ ሙሉው ማማ ላይ የገባው ጋዝ ከወጣውና ከተመጠጠው ድምር ጋር መግጠሙን እዩ። የፓርስሉን ብዛት እጥፍ አድርጉት፣ ሜሹንም አጥብቡት፤ መልሱ ከተንቀሳቀሰ ገና ናችሁ። በማማው መውጫ ላይ የተለካ ክምችት ካገኛችሁ ደግሞ ከእሱ ጋር አነጻጽሩ።

ግድግዳውንም አደራ። ጠብታ ግድግዳ ሲመታ ነጥሮ እንዲመለስ ከተዋችሁት እንደ ጠብታ መምጠጡን ይቀጥላል። በእውነቱ ግን ተለጥፎ በስስ ሽፋን ይወርዳል፣ ገጹም በጣም ያንሳል። ጠባብ ማማ ላይ ይህች አንዲት ምርጫ ማማውን ከሆነው በላይ ጎበዝ አድርጋ ታሳያለች።