አይሱዙ ልግዛ ወይስ ተሳቢ?

በጭነት መኪና ለመተዳደር ያሰበ ሰው ደላላ ዘንድ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ኩንታል ይጭናል?" ብሎ ነው። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ መኪናው በወር ስንት ቀን ቆሞ ይውላል? ባለ 400 ኩንታሉ ተሳቢ ጭኖ ሲሄድ የአይሱዙን ገቢ በብዙ እጥፍ ያስከነዳል። ቆሞ ሲውል ግን ወለዱም፣ ደመወዙም፣ ኢንሹራንሱም አይቆሙለትም። የትኛውን ልግዛ ለሚለው መልሱ የሚገኘው መኪናው ሳይሆን ጭነቱ ዘንድ ነው።

ጭነቱ ይቅደም

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ሳምንት ወስደው ጭነት ያፈላልጉ። ቢያንስ ሦስት ደንበኛ ይያዙና ለእያንዳንዳቸው ከየት ወደ የት እንደሚጫን፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ የመልስ ጭነት መኖር አለመኖሩን፣ የጫኝና አውራጅ ሒሳብ በማን እንደሆነ፣ ክፍያው በእጅ ይሁን በዱቤ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ትልልቅ ድርጅቶች ደረሰኝ ተቀብለው የሚከፍሉት ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ናፍጣ የሚቀዳው ግን ዛሬ ነው። የሁለት ወር ናፍጣ በእጁ የሌለው ሰው ጥሩ ውል አግኝቶም ሊቆም ይችላል።

ወረቀቱን ሲያነቡ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣል። ከመቂ፣ ከቆቃና ከባቱ ቲማቲምና ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሳሙናና ዘይት ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች፣ የታሸገ ውኃ ለሱቆች፣ የቤት ዕቃ፣ ከዱቄት ፋብሪካ ወደ ዳቦ ቤት፣ ይህ ሁሉ የኤንፒአር፣ የትንሹ ባለ 50 ኩንታል አይሱዙ፣ ሥራ ነው። የሰፈር ውስጥ መንገድ ይገባል፣ ጠባብ መጋዘን በር ላይ ይጠጋል፣ በጥቂት ሰው ይራገፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከባድ መኪና የሚንቀሳቀስበት ሰዓት የተገደበ ነው፤ ሰዓቱና የክብደት ወሰኑ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመግዛትዎ በፊት የከተማውን የትራፊክ ማኔጅመንት ይጠይቁ። ወሰኑ የሚገዙትን መኪና የሚነካ ከሆነ የቀን ሥራዎ ወደ ሌሊት ይዞራል ማለት ነው።

ኮንቴይነር፣ ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ብረትና ሲሚንቶ በብዛት የሚጓዙት በተሳቢ ነው። የጅቡቲ መስመር ግን አንድ እውነት አለው፤ አገሪቱ የምታስገባው ከምታስወጣው በክብደት እጅግ ስለሚበልጥ ብዙ መኪና ወደ ወደብ የሚወርደው ባዶውን ነው። ስለዚህ የአንድ መንገድ ኪራይ ሲነግሩዎት የሁለት መንገድ ወጪ ያስሉ። በመስመሩ ለመሥራት ማህበር ወይም የትራንስፖርት ኩባንያ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ ተራ የሚሰጠውም ጭነት የሚመጣውም በእሱ በኩል ነው። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡርም ከኮንቴይነሩ ድርሻ ይወስዳል።

የናፍጣው ሒሳብ

ሙሉ የጫነ ኤንፒአር በ1 ሊትር ወደ 6 ኪሎ ሜትር፣ የጫነ ሲኖትራክ (ተሳቢ የሚጎትተው የቻይና ከባድ መኪና) ከነተሳቢው ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይህን በኩንታል ሲያካፍሉት ነገሩ ይገለበጣል። ኤንፒአሩ 50 ኩንታል ለ100 ኪሎ ሜትር ሲወስድ 17 ሊትር ያህል ያቃጥላል፤ ለአንድ ኩንታል 0.34 ሊትር። ተሳቢው 400 ኩንታል በ50 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ ለአንድ ኩንታል 0.13 ሊትር። አይሱዙ ረጅም መንገድ ላይ ከተሳቢ ጋር በዋጋ መወዳደር የማይችለው ለዚህ ነው። የአይሱዙ ጥቅም ያለው በምልልሱ ነው። ባቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ ወደ 50 ሊትር ይፈጃል፤ ሌሊት ጭኖ ንጋት ላይ አዲስ አበባ አትክልት ገበያ ይደርሳል፣ በማግስቱም ይደግማል። እንደ መመሪያ ከ250 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ትንሹ፣ ከዚያ በላይ ትልቁ ያዋጣል ብሎ መነሳት ይቻላል።

ጅቡቲ በጋላፊ በኩል ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ባዶውን ወርዶ የጫነውን ከባሕር ወለል ወደ ደጋው የሚያወጣ ተሳቢ ለደርሶ መልሱ ከ750 እስከ 850 ሊትር ይፈልጋል። ሹፌር "አንድ ሺህ ሊትር በላ" ካለዎት ወይ የነዳጅ ፖምፓውና ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል ይፈተሹ፣ ወይ ናፍጣው እንዳይቀዳ ታንከሩ።

አሁን የቆመበትን ቀን እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው፦ ለትልቁ 4 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ቢበደሩ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 720 ሺህ ብር፣ በቀን ወደ 1,970 ብር ይሆናል። ለትንሹ 1.5 ሚሊዮን በዚያው ወለድ በቀን 740 ብር ነው። ወደብ ላይ መርከብ ዘግይቶ፣ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ማራገፊያ ተራ እየተጠበቀ 6 ቀን ቢቆም ትልቁ 11,820 ብር በወለድ ብቻ ይከስራል። የራስዎን ብድር በዚህ መንገድ ያስሉና የቀኑን ወለድ፣ የቀኑን ደመወዝና የቀኑን ኢንሹራንስ ደምረው አንድ ቁጥር ያውጡ። ደላላ ሲደውልልዎት ይህች ቁጥር በአእምሮዎ ትኑር።

ኤፍኤስአር፣ ከኤንፒአር የሚተልቀው አይሱዙ፣ መሀል ላይ ነው። የተወሰነ የእህል ነጋዴ ከጎጃም ወይም ከአርሲ 80 እና 100 ኩንታል የሚያስጭነው ካለ ጥሩ ነው። ደንበኛ ሳይዙ "ለሁለቱም ይሆናል" ብሎ መግዛት ግን አይመከርም፤ ለሰፈር ሥራ ይገዝፋል፣ ለረጅሙ መንገድ ያንሳል።

ትርፍ ጭነት የሚሰብረው

ባለ 50 ኩንታል አይሱዙ ላይ 70 መጫን የተለመደ ነው። ተጨማሪው 20 ኩንታል በኪራይ ሲታይ ያጓጓል፤ ወጪው ደግሞ ዘግይቶ ስለሚመጣ ሰው ከጭነቱ ጋር አያያይዘውም። መጀመሪያ ሸክሙን የሚሸከመው የኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ቅጠሎች ይሰነጠቃሉ፣ ብዙውን ጊዜ በመሀል ቡሎኑ ቀዳዳ ላይ። ቀጥሎ ፍሪሲዮን ይቃጠላል፣ ምክንያቱም ዳገት ላይ መኪናው የሚነሳው በግማሽ ፔዳል ነው። ከዚያ ጎማው የሚዞርበት የኋላ ኩሽኔታ፣ መጨረሻ ላይ የመኪናው አጥንት የሆነው ሻንሲ። ጎማም አለ፤ 7.50-16 ጎማ ከአቅሙ በላይ ሲጫንና ነፋሱ ሲያንስ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፣ ሙቀቱም ሽቦውን ከጎማው ያላቅቀዋል። ሞጆና አዋሽ ሚዛን ላይ ከተያዙ ቅጣቱ ሳያንስ ትርፉን አራግፉ ይባላሉ፤ መንገድ ዳር የተራገፈ ቲማቲም ደግሞ ማን እንደሚገዛው ያውቁታል።

ሲጫንም ቢሆን ክብደቱ ከኋላ ጎማ ወደ ጋቢናው ያጋድል። ጭራ ላይ የከበደ መኪና መሪው ይቀላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ አይታዘዝም። የቲማቲም ሳጥን ከታች ጠንካራው፣ ከላይ የበሰለው ይደረደራል፤ ሸራው ከፊት በትንሹ ክፍት ሆኖ ነፋስ ካልገባ የመሀሉ ሳጥን ጠዋት ሲከፈት ውኃ ሆኖ ይገኛል።

ያገለገለ መኪና ሲያዩ

ሻጩ ሳያሞቀው ይድረሱ። እጅዎን ሞተሩ ላይ አድርገው ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጡና ያስነሱ። ሲነሳ የሚታየው ነጭ ጭስ ሞተሩ ሲሞቅ መጥፋት አለበት፤ ከቀጠለና ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ችግሩ የጋስኬት ወይም የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚበዛ ጥቁር ጭስ የኖዝል፣ የአየር ማጣሪያ ወይም የተርቦ ችግር መኖሩን ያሳያል። ቀጥሎ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈተው ይዩ። በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ የፒስተን ፋሻዎቹ (ቀለበቶቹ) አልቀዋል፤ ሙሉ ሞተር መውረዱ አይቀርም።

ከዚያ መኪናው ሥር ይግቡ። ሻንሲው ከኋላ ባሌስትራ ማሰሪያ አካባቢ አዲስ ቀለም ከተቀባ በመፋቂያ ይፋቁት፤ ብየዳ የሚደበቀው እዚያ ነው። በሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ሊብሬውን ይዘው ፋይሉ ያለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው እግድ ወይም የባንክ ዕዳ መኖር አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ቀብድ አይስጡ።

ለትልቁ ዋናው የአየር ፍሬኑ ነው። የአየር ታንኩን ወደ 8 ባር ይሙሉ፣ ተሳቢውን አያይዘው ሞተሩን ያጥፉ፣ ፍሬኑን ረግጠው ጌጁን ለአንድ ደቂቃ ይመልከቱ። ከ0.3 ባር በላይ ከወረደ የሚያፈስ ጎማ ቱቦ ወይም ቫልቭ አለ፤ ረዳት ጆሮውን አቅርቦ ያገኘዋል። ሁሉንም ጎማ ይቁጠሩ። ባለ 10 ጎማ ሲኖ ከባለ 3 አክስል ተሳቢ ጋር 22 ጎማ ነው። አንድ ሦስተኛው ያለቀ ከሆነ የ7 ጎማ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነስ።

መንገድ ላይ

ዓባይ በረሃን ወይም ጣርማ በርን የሚወርድ መኪና ማርሹን የሚመርጠው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ያንኑ ዳገት በጫነው ይዞ በሚወጣበት ማርሽ። ፍሬን እየነካኩ መውረድ የፍሬኑን ታምቡር ያሞቀዋል፣ የሞቀ የፍሬን ሸራ ደግሞ መያዙን ይተዋል። ጭስ ከሸተተ ሰፊ ቦታ ላይ ቆመው ጎማ ያስደግፉና ይጠብቁ። የሞቀ ታምቡር ላይ ውኃ ማፍሰስ ይሰነጥቀዋል።

አፋር ላይ ጎማ የሚፈነዳው በብዛት በቀኑ ሙቀት ነው። ነፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ በሞቀበት ሰዓት "በዝቷል" ብሎ ማስተንፈስ ማታ አሳንሶ ይተወዋል። በጥንድ ጎማ መሀል የተሰካ ድንጋይ ሁለቱንም ይቆርጣል፤ በየቆሙበት ረዳቱ ይይ። ከጥንዱ አንዱ ካነሰ ሸክሙ ሁሉ በሌላው ላይ ስለሚወድቅ መጀመሪያ የሚፈነዳው ደህናው ነው።

ሹፌር ቀጥረው ከሆነ በምልልስ ብዛት ብቻ አይክፈሉት። አይሱዙ "አልቃይዳ"፣ ሲኖትራክ "ቀይ ሽብር" የተባሉት በሩጫቸው ነው፤ በምልልስ የሚከፈለው ሰው ደግሞ መሮጡ አይቀርም። ቋሚ ደመወዝ፣ የተወሰነ አበል፣ በወሩ መጨረሻ ናፍጣና ጎማ ለቆጠበ ጉርሻ ይሻላል። ናፍጣውን የሚቆጣጠሩት ሙሉ ታንክ ሞልተው፣ ሄደው፣ ሲመለሱ እንደገና ሙሉ በመሙላት ነው፤ ጂፒኤሱ ኪሎ ሜትሩን፣ የማደያው ደረሰኝ ሊትሩን ይሰጥዎታል።

ወረቀት

ኮድ 3 ሰሌዳ፣ ንግድ ፈቃድ፣ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ደረሰኝ፣ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የራስዎን መኪናም ሆነ የጫኑትን ዕቃ አይሸፍንም። ሙሉ ዋስትናና የዕቃ ዋስትና ለየብቻ ይገዛሉ፤ የሰው ዕቃ ለሚጭን ሁለተኛው አይታለፍም። ጅቡቲ ለሚሄድ ድንበር ተሻጋሪ የሦስተኛ ወገን ዋስትና የሆነው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ይጨመር። መንጃ ፈቃዱ የደረቅ ጭነት ሆኖ ደረጃው ከመኪናው ጋር መግጠም አለበት፤ ተሳቢ ላይ የሚቀጥሩት ሹፌር ደረቅ 3 መሆኑን ካላዩ ኢንሹራንሱ በአደጋ ጊዜ ሊከራከርዎት ይችላል።

ከትንሹ ወደ ትልቁ

አንድ መኪና ብቻ መግዛት ለሚችል፣ በተለይ ራሱ ለሚነዳ ሰው፣ ፍርዳችን ኤንፒአር ነው። መለዋወጫው በየከተማው አለ፣ ጎሚስታም መካኒክም ያውቀዋል፣ ቢቆምም ዕዳው ይቻላል። ወደ ተሳቢ ለመሻገር ሁለተኛ አይሱዙ መግዛት ከአንድ ሲኖ ይቀድማል፤ አንዱ ጋራዥ ሲገባ ሌላው ያበላል። ሲኖውን የሚገዙት የማህበር ወይም የኩባንያ ቦታ ከያዙ፣ የሦስት ወር የባንክ ክፍያና የ10 ጎማ ዋጋ ደግሞ በሌላ ሒሳብ ከተቀመጠ በኋላ ይሁን። የጎማው ገንዘብ ለኪራይ ወይም ለግል ጉዳይ እንዳይነካ በዝግ ሒሳብ ያስቀምጡት።