ለሕግ ማስተርስ እያመለከትኩ የቅዳሜ ምሽታችንን እንዴት እንዳስመለስኩ

ለማስተርስ ማመልከት ስጀምር መጀመሪያ የተነካው የእኔና የባለቤቴ የቅዳሜ ምሽት ነበር። እሱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት ይሠራል፤ እኔ ደሴ ቢሮ እውላለሁ። ልጆቹ ሲተኙ ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት፣ ይጠብቀኛል።

መፍትሔው ሥራውን በዓይነት መለየት ሆነ። ማመልከት አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። አንዱ ሩጫ ነው፦ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስላክ፣ የወጪ መጋራት ክፍያ ማረጋገጫ፣ ሪኮመንዴሽን። ይህን ሁሉ በምሳ ሰዓት ጨረስኩት። ጥናቱ ግን ጸጥታ ይፈልጋል፤ ወደ ንጋት አዛወርኩት። የደሴ የንጋት ብርድ ቀላል አይደለም። ጋቢ ተከናንቤ፣ ስልኬን መኝታ ቤት ትቼ፣ የቁጥር ጥያቄዎቹን ደጋግሜ እሠራለሁ። ለሕግ ሰው ከባዱ እሱ ነው፤ ንባቡንማ ከሙያችን ይዘነው መጥተናል።

ምሽቱን ያስመለሱልን ግን አማቴ ናቸው፣ እድሜ ይስጥልኝ።

«እማማ፣ ቅዳሜ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ልጆቹን ቢይዙልን?» ስላቸው፣

«ሂዱ ልጆቼ፣ እኔ ምን ሥራ አለኝ!» አሉኝ።

ፒያሳ ወጥተን ሻይ እንጠጣለን፣ በእግራችን እያወራን እንመለሳለን። በዚያ ሰዓት ስለ ፈተና አይነሳም። የባለቤቴ ሺፍት የማታ ከሆነ ወደ እሑድ ከሰዓት እናሻግረዋለን እንጂ አንሰርዘውም። የፈተናውን ሳምንት ብቻ፣ አስቀድመን ተነጋግረን፣ ለጥናት ትተነዋል።