ቲማቲም ላይ መድኃኒት ልትረጩ ነው? ይቺን አንብቡ መጀመሪያ

መቂና ዝዋይ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት ለምትረጩ ልጆች ነው ይሄን የምፅፈው፣ እኔም ሁለት በጋ መርጫ አዝዬ ሰርቻለሁ። ችግሩ ከስሙ ይጀምራል፣ "መድኃኒት" ስለምንለው ማንም አይፈራውም እንጂ መርዝ እኮ ነው።

ስትገዙ በሃይላንድ እየተቀነሰ የሚሸጠውን ቢረክስም ተዉት። ሌብል ከሌለው ምን እንደሆነ፣ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚለቀም በምን ታውቃላችሁ? ቤት ያለ ህፃን ደሞ ውሃ መስሎት ያነሳዋል። በአዋጅ 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ ክልክል ነው። እሽጉ ላይ ከታች የቀለም መስመር አለ፣ ቀይ በጣም አደገኛ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዛ ሰማያዊ፣ መጨረሻ አረንጓዴ (አረንጓዴም ቢሆን አይቀመስም!)።

አለባበስ ላይ ሁሉም የሚያወራው ስለ ማስክ ነው፣ ግን ስትረጩ ብዙው የሚገባው በቆዳ ነው። ያቺ የኮሮና ማስክ ደሞ ትነት አታቆምም፣ ካርትሪጅ (ትነቱን የሚያጣራ ማጣሪያ) ያለው ያስፈልጋል። ጓንት፣ ቦቲ፣ ረጅም እጅጌ። የሱሪያችሁን ጫፍ ቦቲ ውስጥ እንዳትከቱት፣ ከላይ ይውረድ። እኔ ከትቼው ውዬ የተንጠባጠበው ሁሉ ውስጥ ገብቶ ማታ ካልሲ ሳወልቅ እግሬ ቲማቲም መስሏል። የመርጫው አፍንጫ ሲደፈን በአፍ መንፋት የለም፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ኪሳችሁ ይኑር። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጋችሁ ርጩ።

ባዶውን ዕቃ ሩቡን ውሃ ሞልታችሁ በደንብ ናጡና መርጫው ውስጥ ገልብጡት፣ ሶስት ጊዜ፣ ከዛ ብሱት ማንም ዘይት እንዳይቀዳበት። ቦዩም ሀይቁም ውስጥ አትጠቡ፣ ሰው ይጠጣዋል፣ አሳውም እዛ ነው ያለው።

ተቀጥራችሁ ከሆነ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 መከላከያ ማቅረብ የአሰሪው ግዴታ ነው ይላል፣ አደገኛ ስራ ላይ ላለ ሰራተኛ የጤና ምርመራም በአሰሪው ወጪ፣ ስለዚ ጠይቁ። ነፍሰ ጡር ደሞ ጭራሽ አትርጭ።

ላብ፣ ለሃጭ፣ ማስመለስ፣ ዓይን መፍዘዝ ከጀመረ ልብሱን አውልቁ፣ በሳሙና ታጠቡ፣ ወተት ምናምን እያላችሁ ሰዓት ሳትገድሉ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ዕቃውን ከነሌብሉ ይዛችሁ። ሃይላንድ ይዞ ለመጣማ ሐኪሙም ይገምታል እንጂ ምን ያድርግ።