ድምፅን በአሸዋ መሳል፦ ጅማ ውስጥ በሚገኝ ዕቃ እንዴት ይሰራል?

ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀጭን ላሜራ ላይ ጥቂት አሸዋ በትኖ ላሜራውን በድምፅ ማንቀጥቀጥ። አሸዋው ከሚዘልበት ቦታ እየሸሸ በማይነቃነቀው መስመር ላይ ይከማቻል፤ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥም መስቀል፣ ቀለበት፣ አንዳንዴ የቀሚስ ጥልፍ የሚመስል ቅርጽ ይወጣል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርነስት ክላድኒ በ1787 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ቅርጾች ስሎ ስላሳየ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። እሱ ላሜራውን ያስጮኸው በቫዮሊን ደጋን ነበር። እዚህ ዋናው መሣሪያ አሮጌ ስፒከርና ስልክ ይሆናል፤ ደጋኑን መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የሚወጣው ሥዕል የድምፁ ብቻ ሳይሆን የላሜራውም ነው። እያንዳንዱ ላሜራ በስፋቱና በውፍረቱ የሚወሰኑ የራሱ ድምፆች አሉት፤ ጥርት ያለ ቅርጽ የሚሰጠው ከነዚያ አንዱን ሲሰማ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ስፒከሩ ላይ ዘፈን ይከፍትና አሸዋው ዝም ብሎ ሲርመሰመስ አይቶ «አይሰራም» ብሎ ይተወዋል። ዘፈን በየቅጽበቱ ድምፁን ስለሚቀይር አሸዋው ተሰብስቦ መስመር ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። የሚያስፈልገው አንድ ወጥ፣ ሳይቋረጥ የሚጮህ ድምፅ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተቆረጠ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ላሜራ። ብረት ቤት ወይም ማስታወቂያ ሰሪዎች ዘንድ ቁርጥራጭ ይጠይቁ። ለሕንፃ ማልበሻ የሚውለውን፣ መሃሉ ፕላስቲክ የሆነውን አሉሚኒየም አይውሰዱ፤ ፕላስቲኩ ንቅናቄውን ውጦ ያስቀረዋል። ጠርዙ የታጠፈ ትሪም አይሆንም፤ ጠርዙ ነጻ መሆን አለበት። አሉሚኒየም የተመረጠው በክብደቱ ነው። በዚህ መጠን የተቆረጠ አሉሚኒየም 108 ግራም ያህል ሲመዝን ብረት ላሜራ ግን ከ310 ግራም ያልፋል፤ ይህን ያህል ክብደት የስፒከሩን ወረቀት ወደ ታች ይጫነዋል።

ባለ 6.5 ኢንች ዉፈር (ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ) ስፒከር፣ አሮጌም ቢሆን ወረቀቱ ያልተቀደደ፤ ቴፕና ራዲዮ ጠጋኞች ዘንድ ይገኛል። ከ20 ዋት ያላነሰ አምፕሊፋየር፤ በ12 ቮልት የሚሰራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይቀጥላሉ። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳን፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ብሎን ከሦስት ዳዶና ከሦስት ሮንዴላ ጋር፣ ተደባልቆ የሚደርቅ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ማጣበቂያ፣ የብርጭቆ ወረቀት። ስልክዎ ላይ ደግሞ የፈለጉትን ኸርዝ (ድምፁ በአንድ ሴኮንድ የሚንቀጠቀጥበት ብዛት) ወጥ አድርጎ የሚያጮህ ነጻ መተግበሪያ ይጫኑ።

አሸዋ ወይስ ጨው?

ጨው ነጭ ስለሆነ በፎቶ ያምራል፤ ጅማ ውስጥ ግን ያስቸግራል። የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ውሃ መሳብ ይጀምራል፤ በክረምት ጠዋት ደግሞ ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። የረጠበ ጨው እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ላሜራው ላይ ይለጠፋል፣ ብረት ከነካም ያዝገዋል። በጨው መሥራት ከፈለጉ በምጣድ ለ10 ደቂቃ ያህል ያድርቁት፤ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ያስቀምጡ።

የተሻለው የግንባታ አሸዋ ነው። ውሃው ጥርት እስኪል ያጥቡት፣ ያድርቁት፣ በሻይ ወንፊት ይንፉት። በወንፊቱ ያለፈውን እንደገና በነጠላ ጨርቅ ነፍተው ብናኙን ይጣሉት፤ ጨርቁ ላይ የቀረውን ይጠቀሙ። ብናኝ የሚጣልበት ምክንያት አለው። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በጣም የላመ ዱቄት የሚሄደው ወደ ጸጥታው መስመር ሳይሆን ይበልጥ ወደሚንቀጠቀጠው ቦታ ነው፤ ከላሜራው በላይ የሚፈጠረው ስስ የአየር ሞገድ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ አሸዋና ብናኝ ከተቀላቀሉ ሁለት ተቃራኒ ሥዕሎች በአንድ ላይ ይወጣሉና መስመሩ ይደበዝዛል።

ይህንኑ ግን ሆን ብሎ መጠቀም ይቻላል። ንጹሕ አሸዋ ላይ አንድ ቁንጥር እርድ ይጨምሩ፤ አሸዋው መስመሩን ሲሰራ እርዱ በመስመሮቹ መካከል ቢጫ ጉብታ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚህ ሥራ ሁሉ በጣም ውብ የሆነው ይኸኛው ነው ብለን እናምናለን። በርበሬ ግን በፍጹም አይሞክሩ፤ በአየር ተነስቶ ዓይን ውስጥ ይገባል።

የጅማን መልክ ለሚፈልግ ተጠጥቶ ያለቀ ቡና ዝቃጭ አለ። በደንብ ደርቆ እንደ አሸዋው ብናኙ ከወጣለት በነጭ ወረቀት ላይ ቡናማ መስመር ይሰጣል። ትኩስ የተቆላና የተፈጨ ቡና ግን ዘይቱ ስለሚያያይዘው አይሄድም።

አሠራሩ

1. ላሜራው ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት መስመር ያስምሩ፤ የሚገናኙበት ነጥብ መሃሉ ነው። እዚያ በትራፓኖ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ። ቀዳዳው በ2 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢሳሳት ቅርጹ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ ጥርስ የቀረው ጠርዝ እጅ ይቆርጣል።

2. የጠርሙሱን ክዳን መሃል በተመሳሳይ መጠን ይብሱ። ብሎኑን ከውስጥ ወደ ውጭ አሳልፈው ከላይ በሮንዴላና በዳዶ ያጥብቁት። አሁን ጭንቅላቱ ክዳኑ ውስጥ፣ ጥርሱ ወደ ላይ ሆኗል።

3. ክዳኑን አፉን ወደ ታች አድርገው ስፒከሩ መሃል ላይ በኢፖክሲ ይለጥፉ። ማረፍ ያለበት መሃል ባለችው ጉብ ያለች ሽፋን አናት ላይ ሳይሆን ዙሪያዋን ነው፤ ሽፋኗ ለስላሳ ስለሆነች ጉልበቱን አታስተላልፍም። ብሎኑ ቀጥ ብሎ መቆሙን ያረጋግጡና አንድ ሌሊት ይተዉት። ፈጥኖ የሚደርቀውን ሱፐር ግሉ አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ ድርቅ ያለ ስለሚሆን በንቅናቄው ይሰነጠቃል።

4. አንድ ዳዶ ብሎኑ ላይ ወደ ግማሽ ያውርዱ፤ ሮንዴላ፣ ላሜራ፣ ሮንዴላ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ዳዶ ያስገቡና ሁለቱን ዳዶዎች በማጥበቅ ላሜራውን ይያዙት። ላሜራው ከመሃሉ በቀር ምንም ነገር እንዳይነካ።

5. ስፒከሩን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡ። ከሥሩ ሦስት እኩል የጎማ ወይም የእንጨት እግር ያድርጉለት፤ የጅማው በርጩማ በሦስት እግር የሚቆመው ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም እንዳይነቃነቅ ነው፣ እዚህም ያው ነው የሚፈለገው። ላሜራው ላይ ውሃ ልክ አስቀምጠው ያስተካክሉ። የስፒከሩን ወረቀት ከሚረግፍ አሸዋ ለመጠበቅ በላዩ ስስ ፌስታል ልል አድርገው ያልብሱት።

6. አንድ የሻይ ማንኪያ አሸዋ ከ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየነሰነሱ ይበትኑ። ላሜራው ከአሸዋው ሥር መታየት አለበት፤ አሸዋ ሲበዛ መስመሩ ወፍራምና ደነዝ ይሆናል።

7. ስልኩን ከአምፕሊፋየሩ፣ አምፕሊፋየሩን ከስፒከሩ ጋር ያገናኙ። ድምፁን ዝቅ አድርገው ከ100 ኸርዝ ይጀምሩና በ5 በ5 እየጨመሩ ይውጡ። በዚህ መጠን የተሰራ ላሜራ የመጀመሪያውን ቀለበት የሚያሳየው ከ200 ኸርዝ በታች ነው። ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር መስመሮቹ ይበዛሉ፤ 3000 ኸርዝ አካባቢ ቅርጹ እጅግ ይወሳሰባል። ትክክለኛው ቦታ ሲደርሱ ላሜራው ራሱ ድንገት ጮክ ይላል፣ አሸዋውም ባንዴ ይሮጣል። እዚያ ሲደርሱ በ1 ኸርዝ ወደ ላይና ወደ ታች እያሉ መስመሩ ይበልጥ የሚቀጥንበትን ይፈልጉና ቁጥሩን ይጻፉ። ቁጥሩ የላሜራዎ እንጂ የሌላ ሰው ላሜራ አይደለም፤ ከሌላ የተቀዳ ዝርዝር አይሠራልዎትም።

ከ1000 ኸርዝ በላይ ያለው ወጥ ድምፅ ጆሮን ይጎዳል፤ ጥጥ ሳይሆን የጆሮ መከላከያ ያድርጉ። ጎረቤትም እንዳለ አይርሱ። ስፒከሩ የመቃጠል ሽታ ካመጣ ወዲያው አጥፍተው ያቀዝቅዙት።

ሲበላሽ

አሸዋው ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ከሄደ ላሜራው አልተስተካከለም። መስመሩ ከወጣ በኋላ የሚበተን ከሆነ ድምፁ በዝቷል፤ ይቀንሱ። የሚንሿሿ ድምፅ ካለ ዳዶ ላልቷል ወይም ብሎኑ ከክዳኑ ተላቋል። ቦታው ላይ ፍንክች የማይል አሸዋ ካለ የጣት ቅባት ይዞታል፤ ላሜራውን በሳሙና አጥበው ያድርቁ። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቅርጹ ከተጣመመ ላሜራው ታጥፏል። የታጠፈን አሉሚኒየም በመዶሻ ለማቃናት ጊዜ አያጥፉ፣ ሌላ ይቁረጡ።

ሥዕሉን ማስቀረት

ፎቶ ቀላሉ ነው፤ መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩ፣ አሸዋው ጥላ ይጥላል።

ወረቀት ላይ ለማንሳት ነጭ ኮላ በእኩል ውሃ ያቅጥኑና በጥቁር ካርቶን ላይ በብሩሽ ስስ አድርገው ይቀቡ። እርጥብነቱ ጠፍቶ ጣት ላይ መጣበቅ ሲጀምር፣ 2 ወይም 3 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ድምፁን ያጥፉ፤ ካርቶኑን ከአንድ ጎን ጀምረው ሳያንሸራትቱ ያሳርፉ፣ በመዳፍ ተጫን አድርገው ቀጥ ብሎ ያንሱት። ኮላው ገና ፈሳሽ ሳለ ከተጫኑ አሸዋው ይፈስሳል፤ ከዘገዩ ደግሞ ግማሹ ላሜራው ላይ ይቀራል።

ሦስተኛው መንገድ ላሜራውን ራሱን ሥዕል ማድረግ ነው። ቅርጹ ሲወጣ ድምፁን አጥፍተው ስፕሬይ ቀለም ከ50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ወደ ጎን ይንፉ፤ ቀለሙ እንደ ጤዛ ራሱ ይውረድ። በቀጥታ ወደ ታች ከነፉት አሸዋውን ይጠርገዋል። ሲደርቅ አሸዋውን በለስላሳ ብሩሽ ያርግፉ፤ አሸዋው የሸፈነው መስመር ብረቱን እንደያዘ ያበራል። ይህን ደጅ ወይም መስኮት ተከፍቶ ይሥሩ።

የሰው ድምፅ ለመሳል

ላሜራ ለዘፋኝ አይመችም፤ ለዚህ ስስ ሽፋን ይሻላል። የዱቄት ወተት ጣሳ አፍ ላይ የተቆረጠ ፊኛ ወጥረው በላስቲክ ያስሩ፣ ጎኑን በስተው 20 ሚሊ ሜትር የሆነ የኤሌክትሪክ ገመድ ማሳለፊያ ቱቦ ያስገቡና ዙሪያውን በፕላስተር ይድፈኑ። ፊኛው ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጨው በትነው በቱቦው «ኡ» እያሉ ድምፁን ቀስ ብለው ከፍና ዝቅ ያድርጉ። አይንፉ፣ ያዚሙ። የዌልስ ተወላጇ ዘፋኝ ማርጋሬት ዋትስ ሂዩዝ ከ1885 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድምፅ ሥዕሎቿን የሠራችው በዚሁ መርህ ነው። ፊኛው በአንድ ወገን ይበልጥ ከተወጠረ ቀለበቱ ሞላላ ይሆናል።

አምስት ላሜራ ለትዝታ

አሁን ወደ ደጋኑ። ላሜራውን መሃሉ ላይ በብሎን እንጨት ላይ አጥብቀው የመሲንቆ ደጋን በጠርዙ ላይ ወደ ታች ቢስቡበት ላሜራው ራሱ ይዘፍናል። ፀጉሩ በሙጫ ካልታሸ ያንሸራትታል፤ ጠርዙ ካልለሰለሰ ደግሞ ፀጉሩን ይበጥሳል። በስፒከሩ ላይ መሃሉ የሚንቀጠቀጥ ሲሆን እዚህ ግን የታሰረ ነው፤ ስለዚህ መስመሮቹ ሁልጊዜ መሃሉን ያቋርጣሉ፣ ቀለበትም ሳይሆን መስቀልና ኮከብ ይበዛሉ። በሌላ እጅ ጣት ጠርዙን በየቦታው ሲነኩ ቅርጹ ይለወጣል። ክብደት እዚህ ስለማያስጨንቅ ብረት ላሜራም ይሆናል።

የላሜራ ድምፅ የሚወሰነው በሒሳብ ነው፦ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በእጥፍ ይቀጥናል፤ ጎኑ እጥፍ ሲሆን ድምፁ ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚህ ሕግ የትዝታን አምስት ድምፆች (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ከአንድ ላሜራ መቁረጥ ይቻላል። ትልቁ ጎን 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቀጣዮቹ 18.9፣ 17.9፣ 16.3 እና 15.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። አምስቱም ላይ ደጋኑንና ጣቱን በተመሳሳይ ቦታ ሲይዙ አንዱ ቅርጽ በአምስት ቅኝት ድምፅ፣ እየጠበበ ይደጋገማል፤ በስፕሬይ ተቀብተው ግድግዳ ላይ በረድፍ ይሰቀላሉ።

ሲቆርጡ ከተባለው መጠን 2 ሚሊ ሜትር ያስተርፉ። 20 ሴንቲ ሜትር ካለው ላሜራ ጎንና ቁመት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲቀነስ ድምፁ በ1 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ትርፉን በሞረድ ጥቂት በጥቂት እየሞረዱ ከክራር ጋር ያስማሙት። ከአራቱም ጎን እኩል ይሞርዱ፤ አለበለዚያ ቀዳዳው ከመሃል ይወጣል። ከመጠን ያለፈ ሙረዳ አይመለስም፤ ያለፈው ላሜራ ቀጥሎ ላለችው ድምፅ ይሁንና ለዚህኛው ሌላ ይቁረጡ።