ከጃፓን ጋር ለመነገድ የሚነሡ ላኪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ ጃፓን ሩቅ ሆና ሳለ እንደ ቅርብ የምትታይ አገር ናት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ልዑካን መርተው ቶኪዮ ድረስ ከሄዱበት ዘመን ጀምሮ ዘውዷንና ወጓን ሳትጥል የሠለጠነች እየተባለች ለእኛ ምሳሌ ሆና ስትጠቀስ ኖራለች። ታላቅን ማክበሩ፣ እጅ ነሥቶ ሰላምታ መስጠቱ፣ «አይሆንም» የሚለውን ቃል ፊት ለፊት ለመናገር መቸገሩም የእኛው ይመስላል። ቡናና ሰሊጥ ይዘው ወደዚያ ገበያ የሚገቡ ወገኖቻችንን ብዙ ጊዜ የሚያሰናክላቸው ይኸው መመሳሰል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያውቁት ስለሚመስላቸው አይጠይቁም።

የመጀመሪያው ስህተት ካይዘንን የተማረ ሰው ጃፓንን እንደሚያውቅ መቁጠር ነው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ በርካታ ሠራተኞች ሥልጠናውን ወስደዋል፤ ጠቃሚ ትምህርትም ነው። ነገር ግን ካይዘን የሚያስተምረው የሥራ ቦታን ስለ ማደራጀትና ብክነትን ስለ መቀነስ ነው፤ የኮቤ ወይም የዮኮሃማ ቡና አስመጪ ምን እንደሚገዛ፣ በስንት እንደሚገዛና ለምን መግዛት እንደሚያቆም አይነግረንም።

ሁለተኛው ስህተት «ሀብታም አገር ናት፤ የጠየቅነውን ትከፍላለች» ብሎ መነሣት ነው። የጃፓን ሕዝብ ብዛት እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ 128 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ወደ 124 ሚሊዮን ገደማ ወርዷል፤ ከመቶው 29 ያህሉም ዕድሜው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ጣሪያ ነክቶ የነበረው የቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ ከወደቀ በኋላ ያንን ከፍታ መልሶ ያለፈው በየካቲት 2024 ነበር። በእነዚያ ዓመታት ደመወዝም ዋጋም ባሉበት ቆመው ስለ ከረሙ የጃፓን ሸማች የማይንቀሳቀስ ዋጋን እንደ መብቱ ማየት ለምዷል። ላኪው በዶላር ስለሚሸጥ የጃፓን ገንዘብ የሆነው የን ጉዳይ የእሱ አይመስለውም። ይሁን እንጂ በ2021 አጋማሽ በ110 የን ገደማ ይገኝ የነበረው 1 ዶላር በሐምሌ 2024 ከ160 የን በላይ ሲያወጣ፣ በዶላር ዋጋው ምንም ያልጨመረ ቡና እንኳ ለጃፓናዊው ገዢ በግማሽ ያህል ተወዶበታል። የዋጋ ጭማሪ ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ይህን ስሌት በገዢው ወንበር ተቀምጦ መሥራት ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ስህተት አለ። የእኛ ቡና በጃፓን ለረጅም ዘመን የታወቀው በየመኑ ወደብ ስም «ሞካ» ተብሎ ነው፤ «ሞካ ሲዳሞ»፣ «ሞካ ሐረር» እየተባለ። ስለዚህ «የቡና መገኛ ነን» የሚለው ንግግር ብቻውን ሸማቹ ዘንድ አይደርስም፤ ላኪው ቡናው እዚያ በምን ስም እንደሚጠራና ከየትኛው ጣዕም ጋር እንደሚታሰብ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

አሁን ብዙ ወደሚያስከፍለው ስህተት ልምጣ፤ የፍሬውን ጥራት እንጂ በዙሪያው ያለውን ሁሉ አለማየት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 ባወጣችው ሥርዓት መሠረት፣ የተለየ ገደብ ያልተወሰነለት ማንኛውም የፀረ ተባይ ቅሪት በምግብ ውስጥ ከ0.01 ፒፒኤም (ፒፒኤም ከሚሊዮን አንድ እጅ ነው) እንዳይበልጥ ደነገገች። ይህ ማለት በ100 ቶን ቡና ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው፤ ከአምስት ኮንቴይነር በሚበልጥ ጭነት ውስጥ አንድ ቁንጥር እንኳ የማይሞላ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከገደቡ ያለፈ ቅሪት ተገኘና ከዋነኞቹ ደንበኞቻችን አንዷ የነበረችው አገር ግዢዋን በእጅጉ ቀነሰች። የእኛ ገበሬ በአብዛኛው ቡናውን መድኃኒት እንደማይረጭ የሚያውቅ ላኪ ነገሩን ለማመን ቢቸገር አይፈረድበትም። ሆኖም ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በታሸገበት ጆንያ ላይ ነበር። ለጣዕሙና ለደረጃው የተጨነቀው ሰው ጆንያው ከየት እንደመጣና በምን እንደታከመ፣ መጋዘኑ ውስጥም ከዚህ በፊት ምን ተከማችቶ እንደነበረ አልጠየቀም። ለጃፓን ገዢ ግን ጆንያውም፣ መጋዘኑም፣ የጭነት መኪናውም የቡናው አካል ናቸው። ናሙናን ከመላክ በፊት በላቦራቶሪ ማስመርመር፣ የእያንዳንዱን ጭነት መነሻ በጽሑፍ መያዝ፣ ጆንያ ሲገዙም ሰነዱን መጠየቅ ወጪ ነው፤ የተመለሰ ኮንቴይነር ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ወጪ ነው።

የሰዓትና የቀን ስህተት ቀላል ቢመስልም ውል ያፈርሳል። አዲስ አበባ ላይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ቶኪዮ ላይ በእነሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ነው፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ የቀኑ ክፍል ይለያያል። ምሽት ላይ ቢሯቸው ሲዘጋ እኛ ገና ምሳ አልበላንም። የእነሱ የበጀት ዓመት የሚጀምረው በፈረንጆች ኤፕሪል 1፣ በእኛ መጋቢት 23 ነው፤ በሰነድ ላይም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሚቆጠር ዓመት ሊጽፉ ይችላሉ፤ ለምሳሌ 2025 ሬይዋ 7 ነው። እኛም የራሳችን ዘመን አቆጣጠር ስላለን ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ በግልጽ መስፈር ይኖርበታል።

ከሁሉም ይበልጥ የማዝነው ግን ዝምታን እንደ ፈቃድ በመቁጠር ስለሚጠፋው ገበያ ነው። ጃፓናዊው በስብሰባ ላይ «ሃይ» እያለ ራሱን ቢነቀንቅ «እየሰማሁ ነው» ማለቱ እንጂ መስማማቱ አይደለም፤ «እናጤነዋለን» ሲልም ብዙ ጊዜ በትሕትና እምቢ ማለቱ ነው። «እስቲ እናያለን» የሚል ቋንቋ ያለው የእኛ ሰው ይህን ሊስተው አይገባም ነበር። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሚሆነው ነው። በእኛ ዘንድ እምቢታ ደጅ በመጥናት፣ «በሞቴ» በማለት፣ ሽማግሌ በመላክ ይለዝባል፤ መለመንም የአክብሮት ምልክት ነው። እዚያ ግን የተደጋገመ ልመና ሰውየውን ከማሳፈር በቀር ጥቅም የለውም። እንዲያውም ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰው ብቻውን የመወሰን ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። በብዙ ኩባንያዎች ውሳኔ የሚበስለው ከስብሰባው በፊት ከሚመለከታቸው ሁሉ ጋር አንድ በአንድ በመነጋገር ሲሆን፣ ይህን «ኔማዋሺ» ይሉታል፤ ቃሉ ዛፍ ከመንቀሉ በፊት ሥሩን ዙሪያውን ከሚያዘጋጅ አትክልተኛ የተወሰደ ነው። ከዚያም ሰነዱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ይሁንታ ይሰበስባል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ «ዋናውን አለቃ አገናኙኝ» ከማለት ይልቅ፣ ያ ሠራተኛ ለባልደረቦቹ የሚያሳየውን የተሟላ መረጃ መስጠት ይጠቅማል።

ውሳኔው ሲዘገይ ታግሦ የቆየ ላኪ ከውሉ በኋላ ደግሞ በተቃራኒው ይሰናከላል። አንዴ የመርከብ ቀን ከተቆረጠ ገዢው ቀኑን እንደ ቃል ኪዳን ይይዘዋል፤ የእኛ ሰው ግን ክፉ ወሬ ለማሰማት ስለሚከብደው መፍትሔ እስኪያገኝ ድረስ ዝም ይላል። ጭነቱ ጅቡቲ ላይ መዘግየቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከተሰማ፣ ቶኪዮ ላይ ቢሮው ገና ክፍት ነው፤ መፍትሔው ባይታወቅም እንኳ መዘግየቱን፣ ምክንያቱንና ቀጣዩ መረጃ የሚላክበትን ሰዓት በዚያው ጠዋት መጻፍ ይገባል።