ሳቁ የቱ ጋ ነው? የፓሮዲ አኒሜሽን ለሐዋሳ ተመልካች ሲሞከር

የታወቀ ፊልም ወይም ድራማ እየኮረጀ የሚቀልድ የአኒሜሽን ክፍል፣ ማለትም ፓሮዲ፣ ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት ለሰው አሳዩት። ሰው ጠርቶ ማሳየቱ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ምላሹን ማወቅ ነው። ተጋብዞ የመጣ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋልና "እንዴት ነበር?" ሲባል "አሪፍ ነው፣ በርቱ" ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ያለውን ትታችሁ የሳቀበትን ቦታ መዝግቡ።

ፓሮዲ ሁለት ዓይነት ተመልካች አለው፤ ኦርጅናሉን ያየና ያላየ። የአሜሪካው የአኒሜሽን ተከታታይ ሲምፕሰንስ በ1994 እ.ኤ.አ. በሃሎዊን ክፍሉ በ1980 የወጣውን አስፈሪ ፊልም "ዘ ሻይኒንግ" ሲቀልድበት፣ ፊልሙን የማያውቅ ሰው እንኳ አባትየው ቴሌቪዥንና ቢራ አጥቶ ሲያብድ ይስቃል። ያየው ደግሞ ትዕይንቱ ከየት እንደተወሰደ ስለሚያውቅ በላዩ ላይ ይጨምርበታል። የእናንተም ሥራ ሁለቱንም መያዙ የሚታወቀው ለየብቻ ስታሳዩአቸው ነው። ከእያንዳንዱ ወገን 12 ሰው ይበቃል። ስትጋብዙ የስድስት ፊልሞች ስም ዘርዝራችሁ "የትኞቹን አይተሃል?" በሉ፤ ኦርጅናሉን መሀል ላይ ክተቱት። ብቻውን ከጠየቃችሁ ነቅቶ ይመጣል፣ እያንዳንዱን ትዕይንትም ማነጻጸር ይጀምራል።

ሦስተኛ ዓይነት ሰውም ታገኛላችሁ፤ ኦርጅናሉን በትርጉም ፊልም ያየ። ይህ ሰው ታሪኩን አሳምሮ ያውቃል፣ የተዋናዩን እውነተኛ ድምፅ ግን በተራኪው ድምፅ ተሸፍኖ ነው የሰማው። የድምፅ ማስመሰል ቀልዳችሁ በአጠገቡ ቢያልፍ ጥፋቱ የድምፅ ተዋናያችሁ አይደለም። ስሙ ላይ ምልክት አድርጉና ካዩት ጋር አስቀምጡት።

ዕድሜም አትደባልቁ። ጋሼ ወይም እትዬ የሚባል ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ ወጣቱ ሳቁን ይውጠዋል፣ በተለይ ቀልዱ ስለ ፍቅር ወይም ስለ ሃይማኖት አባት ከሆነ። የሠራችሁትም ሰዎች ክፍሉ ውስጥ አትቀመጡ። ደራሲው ከኋላ ሆኖ ሲያይ የሚሳቀው ሳቅ ለእሱ ሲባል ነው።

ሰዓቱ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ፕሪሚየር ሊጉ አለ፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ ብዙው ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። በጠዋት ብርሃን ፕሮጀክተር ይደበዝዛል፤ ጥቁር መጋረጃ ከሌላችሁ ለ12 ሰው 55 ኢንች ቴሌቪዥን ይሻላል። ቤቱ ጠበብ ያለ ይሁን፣ ወንበሮቹንም አጠጋጉ፤ ሰው ተራርቆ ሲቀመጥ ሳቅ አይጋባም። በክረምት ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት አትከራዩ። ዝናቡ ከወረደ ንግግር አይሰማም፣ እናንተ ደግሞ ቀልዱ የከሸፈ ይመስላችኋል።

ድምፁ በሲዳሙ አፎ፣ ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ፊደሉ ነው። ብዙ ቴሌቪዥን ከፍላሽ ላይ የግዕዝ ፊደል ማንበብ አይችልምና በጽሑፉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል፤ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አዋህዳችሁ ኤክስፖርት አድርጉ፣ በዋዜማውም በዚያው ቴሌቪዥን ሞክሩት። ሁለተኛው ይብሳል። ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ አንዴ ከወጣ ሰው ገጸ ባህሪው ተናግሮ ሳይጨርስ አንብቦ ይስቃል፣ ቀልዱ ሲደርስ ቤቱ ጸጥ ይላል። ማሳቂያውን ለብቻው ቆርጣችሁ አፉ ሲከፈት አውጡት።

ለመመዝገብ ሁለት ሰው በተቃራኒ ጥግ ይቀመጥ፣ ፊታቸው ወደ ተመልካቹ። ክፍሉ 22 ደቂቃ ከሆነ ለየ30 ሴኮንዱ አንድ፣ በድምሩ 44 መስመር ያለው ወረቀት ይዘው አንድ አንድ ፊደል ይጽፋሉ፤ ለሳቅ "ሳ"፣ ለፈገግታ "ፈ"፣ እያዩ ዝም ላሉት "ዝ"፣ ስልክ ለሚነካኩት "ስ"። "ዝ" እና "ስ" ፈጽሞ አይቀላቀሉ። ዓይኑን ሳይነቅል ዝም ያለ ሰው ታሪኩን እየተከተለ ነው፤ ስልክ ያወጣ ሰው ጥሏችሁ ሄዷል። በተጨማሪ አንድ ስልክ ድምፅ ብቻ ይቅዳ፤ ተመልካቹ አስቀድሞ ይነገረውና ይፍቀድ። ቪዲዮ ይቅር፣ ካሜራ ሲያይ ሰው ሁሉ ይስተካከላል። ክፍሉ ሲጀምር አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፣ ቅጂውን ከምስሉ ጋር የምታገጣጥሙት በጭብጨባው ነው።

እንዳለቀ ወሬ ሳይጀመር ወረቀት አድሉ። ሻዩና ማኪያቶው ከወረቀቱ በኋላ ይምጣ፤ ቀድሞ ከመጣ ሞቅ ብሎ የሚያወራው ሰው አስተያየት የሁሉም ይሆናል። ጥያቄው ሁለት ብቻ ይሁን፤ "ለጓደኛህ ብታወራለት ከየቱ ትጀምራለህ?" እና "ያልገባህ ቦታ የቱ ነው?"። መጻፍ የማይመቸው በቃል፣ በሚቀለው ቋንቋ ይንገራችሁ።

ከዚያ የሁለቱን ቡድኖች ወረቀት ጎን ለጎን አድርጉ። ያዩት ስቀው ያላዩት "ዝ" ከሆኑ፣ ቀልዱ ተንጠልጥሏል፤ የተኮረጀውን ሁኔታ ጥቂት ቀደም ብላችሁ በአንድ አጭር ትዕይንት አስተዋውቁ፣ ገጸ ባህሪው እንዲያስረዳ ግን አታድርጉ። ያላዩት ብቻ ከሳቁ ያሳቃቸው መውደቅና መጋጨቱ ነው፤ ፓሮዲው አልሠራም፣ ምናልባትም ኦርጅናሉን የሚወዱት ቅር ብሏቸዋል። ሁለቱም ዝም ካሉ ጽሑፉን ከመንካታችሁ በፊት ቅጂውን ስሙ። ብዙ ጊዜ የፊተኛው ሳቅ የኋለኛውን ንግግር ሸፍኖት ታገኛላችሁ፤ በመሀል ንግግር የሌለው የአንድ ሴኮንድ ተኩል የፊት ምስል ብትጨምሩ ይስተካከላል።

የታረመውን ለሌላ 24 ሰው አሳዩ። የመጀመሪያዎቹ ቀልዱን ስለሚጠብቁት ቀድመው ይስቃሉ፣ ወረቀታችሁም ያለቦታው በ"ሳ" ይሞላል።