ያረጀ የመንገደኛ ባቡር ፉርጎ ገዝታችሁ ቤት ወይም ካፌ ልታደርጉት ካሰባችሁ

ፉርጎ ለ30 እና ለ40 ዓመት መንገደኛ አመላልሶ ከሐዲድ ሲወርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕጣው ተቆራርጦ መቅለጥ ነው። ጥቂቱ ሙዚየም ይገባል። ኒውዮርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2010 ከ2,000 በላይ የምድር ውስጥ ባቡር ፉርጎዎቿን አትላንቲክ ውስጥ አስምጣ የዓሣ መጠለያ አድርጋቸዋለች። አንዱን ከመቁረጫው ማትረፍ ግን ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ብቻ በጥንቃቄ ይሁን።

መጀመሪያ አስቤስቶስ የሚባለው የማዕድን ቃጫ። በብዙ የድሮ ፉርጎዎች ግድግዳና ጣሪያ ውስጥ ሙቀት እንዲከላከል ይጠቀጠቅ ነበር። ብናኙ ሳንባ ከገባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያ ናሙና ወስዶ፣ የላቦራቶሪው ውጤት እጃችሁ ሳይገባ አንድ ቡሎን እንኳ እንዳትፈቱ።

ከዚያ ዝገት። ቀለሙ አያታላችሁ! ባትሪ ይዛችሁ ከሥር ግቡና በተለይ ከሽንት ቤቱ ወለል በታችና ከመስኮቶቹ ግርጌ ያለውን ብረት በመዶሻ ኳ ኳ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ከታፈነ ወይም ቅርፊት ካረገፈ ተበልቷል።

ኪስ የሚያራቁተው ማጓጓዙ ነው። አንድ ፉርጎ 25 ሜትር ገደማ ሊረዝም፣ 40 ቶንም ሊመዝን ይችላል። ክሬኑን፣ ተሳቢውንና የመንገድ ፈቃዱን ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመጨረሳችሁ በፊት አስሉ።

ሲቀመጥ ደግሞ የብረት መንኮራኩሮቹን የሚይዙት ማዕቀፎች (ቦጊዎች) በነበሩባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ ይረፍ፤ ሲሠራም ክብደቱን እዚያ እንዲጥል ተደርጎ ነው። ያለ ቦታው ከደገፋችሁት ወለሉ ሊጎብጥ፣ በሮቹም አልዘጋ ሊሉ ይችላሉ።